ለዐሥራ ስድስት መመሪያ አንድ እናት ጽሑፍ

ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በሦስተኛው ወር፥ የውሃ መሳቢያ ሞተር እያስመጣ ለገበሬ በሚሸጥ አንድ ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘሁ። የድርጅቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ያየሁት ጉድለት የእርሱ ብቻ ስላልሆነ፥ ስሙን ብጠራ ሌሎቹ ንጹሓን ሊመስሉ ነው። ሥራዬ ከሞተሩ ጋር በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሄደውን የአጠቃቀም መመሪያ ማረም ነበር። አራት ዓመት ተምሮ የወጣ ሰው ስለ ዘይትና ስለ ፊልትሮ የሚናገር ትንሽ መጽሐፍ እንዲያርም ሲታዘዝ ጥቂት ቅር ይለዋል። እኔንም ቅር ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም።

መመሪያው አንድ መስሎኝ ነበር፤ ዐሥራ ስድስት ሆኖ አገኘሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሮቹ ባለ ሁለት ኢንችና ባለ ሦስት ኢንች ናቸው፤ እያንዳንዱም በቤንዚን የሚሠራና በናፍጣ የሚሠራ ዐይነት አለው፤ ይህ አራት ይሆናል። ለእያንዳንዱ ደግሞ ለገበሬው አጠር ያለ፥ ለመካኒኩ ሰፋ ያለ መጽሐፍ ተዘጋጅቶለታል፤ ስምንት ሆነ። ስምንቱም በአማርኛና በኦሮምኛ ይታተማሉና ዐሥራ ስድስት ሆነ ማለት ነው።

እነዚህ ሁሉ እንዴት እንደ ተወለዱ ብጠይቅ የሰማሁት ታሪክ፥ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። በመጀመሪያ የባለ ሁለት ኢንቹ የቤንዚን ሞተር መመሪያ ከእንግሊዝኛ ተተረጎመ። ሌላው ሞተር በመጣ ጊዜ ይኸው ፋይል ተገለበጠ፤ የሞተሩ ስም ተለወጠ፤ ልዩነት አለበት የተባለው ቦታም ታረመ። ሦስተኛው ከሁለተኛው፥ አራተኛው ከሦስተኛው እንዲሁ እየተገለበጠ ዘር ማንዘሩ በዛ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የፋይሎቹን ስም ባይ፥ አንዱ «የመጨረሻ» ይላል፤ ሁለተኛው «የመጨረሻ የታረመ» ይላል፤ ሦስተኛው «የመጨረሻ እውነተኛው» ይላል። ከሁሉም በኋላ የተጻፈው ግን «የመጨረሻ» የሚለው ነበር።

በናፍጣው ሞተር መመሪያ ውስጥ «ሞተሩ አልነሣ ካለ ካንዴላውን ፈትተው ይጥረጉ» የሚል ትእዛዝ አገኘሁ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣ የሚቀጣጠለው በታመቀ አየር ሙቀት እንጂ በካንዴላ ብልጭታ አይደለምና። ይህ ቃል ከቤንዚኑ መጽሐፍ ሲገለበጥ ሳይታይ ያለፈ ነው። የድርጅቱ መካኒኮች ይህን እያነሡ ይሥቁ ነበር። ከከተማ ርቆ የሚኖር ገበሬ ግን የሌለ ካንዴላ ሲፈልግ ግማሽ ቀን ሊውል ይችላል፤ ለእርሱ የሚያሥቅ ነገር የለውም።

ከካንዴላው የከፋው የዘይቱ ነገር ነው። የባለ ሦስት ኢንቹ የናፍጣ ሞተር የሚወስደው ዘይት 1.1 ሊትር ነው። መመሪያው ግን 0.6 ሊትር ይል ነበር፤ ይህም የቤንዚኑ ሞተር ልክ ነው። ስሕተቱ በአራት መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ያገኘሁት እኔ በመሆኔም ጥቂት ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ሁለቱን የአማርኛ መጻሕፍት በዚያው ቀን አረምሁ። ኦሮምኛ ስለማልችል ለተርጓሚው ባልደረባዬ ማስታወሻ ጽፌ ሰጠሁት፤ እርሱም የመካኒኩን መጽሐፍ አወጣና አረመ። የገበሬው መጽሐፍ ሌላ ፋይል መሆኑን እኔ አልነገርሁትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ አንድ ሽማግሌ ከመቂ አካባቢ ሞተራቸውን በአይሱዙ ጭነው መጡ። ሞተሩ ሲከፈት ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል። ዘይት አንሶት የተቃጠለ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ምርመራ አላስፈለገም።

«ልጄ፥ እኔ ከራሴ የጨመርሁት ነገር የለም» አሉኝ። «መጽሐፋችሁ ያለውን ነው ያደረግሁት። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁለት ጊዜ አስነብቤያታለሁ።»

«አባባ፥ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም።

«ታዲያ እኔ ከመጽሐፍ ጋር ልሟገት ኖሯል?» አሉ።

ሞተሩን ድርጅቱ በነጻ ሊሠራላቸው ተስማማ። ሽንኩርታቸው ግን ራስ ሳይቋጥር ውሃ አጥቶ ነበር፤ ለእርሱ የሚሆን መለዋወጫ በመጋዘናችን ውስጥ አልነበረም።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ «ሠራተኛው ተጠንቅቆ ቢሆን ኖሮ» ትል ይሆናል። እኔም በዚያ ሌሊት ለራሴ ያልሁት ይህንኑ ነው። በማግሥቱ ግን ቁጭ ብዬ ሳስበው፥ ጥንቃቄ ብቻውን መድኃኒት እንደማይሆን ገባኝ። አንድ ቁጥር በአራት ቦታ ከተጻፈ፥ አራት ጊዜ ልትረሳው ትችላለህ። ለሁሉም ሞተር የሚያገለግል አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ቢለወጥ ዐሥራ ስድስት ፋይል መክፈት ግድ ነው። ዛሬ የሚጠነቀቀው ሠራተኛ ነገ ወደ ሌላ ሥራ ይዛወራል፤ የሚተካው ሰው ስንት ቅጂ እንዳለ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ ነቀፌታዬ በሰዎቹ ላይ ሳይሆን በአሠራሩ ላይ ነው፤ የዛሬው ጽሑፌም ዐሳብ ይኸው ነው። መመሪያው ስንትም ዐይነት ይሁን፥ የሚጻፈውና የሚታረመው እናት ጽሑፍ አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ የቀሩት ከእርሱ መውጣት እንጂ እርስ በርሳቸው መገለባበጥ የለባቸውም።

እንዴት ይሆናል? ነገሩ ከሚመስለው ይቀላል። በእናት ጽሑፉ ውስጥ ሦስት ዐይነት ነገር አለ። አንደኛው ለሁሉም የሚሆን ቃል ነው። ለምሳሌ «ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ፓምፑን ውሃ ይሙሉት» የሚለው፥ በቤንዚንም በናፍጣም ለሚሠራው እኩል እውነት ስለ ሆነ ያለ ምንም ምልክት አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፋል። ሁለተኛው ለአንዱ ብቻ የሚሆን ቃል ነው። ካንዴላ ስለ መጥረግ የሚናገረው ዐረፍተ ነገር «ቤንዚን» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ከናፍጣው መሥመር አየር ስለ ማስወጣት የሚናገረው ደግሞ «ናፍጣ» የሚል። ለገበሬና ለመካኒክ የሚለየውም እንዲሁ። ሦስተኛው ቁጥሩ ነው። የዘይቱን ልክ በየምዕራፉ መጻፍ ቀርቶ፥ ቁጥሩ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ብቻ ይሰፍራል፤ በምዕራፉ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ከሰንጠረዡ ፈልጎ የሚያስገባበት ምልክት ይቀመጣል። ከዚህ በኋላ «የናፍጣ፥ ባለ ሦስት ኢንች፥ ለገበሬ» ብሎ ያዘዘ ሰው፥ ኮምፒዩተሩ የማይሆነውን አበጥሮ ጥሎ የሚሆነውን መጽሐፍ ያወጣለታል።

ዘዴው የቅርብ ግኝት አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ አይ.ቢ.ኤም. በተባለው ድርጅት ውስጥ ቻርልስ ጎልድፋርብ፥ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የተባሉ ሦስት ሰዎች፥ ጽሑፍን በመልኩ ሳይሆን በምንነቱ የሚያመለክት የምልክት ቋንቋ ሠሩ። ይኸኛው ርእስ ነው፥ ይኸኛው አንቀጽ ነው እያለ የሚለይ ነው። ጂ.ኤም.ኤል. የተባለው ስሙም የሦስቱን የአባት ስም መጀመሪያ ፊደል የያዘ ነው። ጎልድፋርብ ወደዚያ ሥራ ከመግባቱ በፊት ጠበቃ ነበር፤ አንድ ቃል በሁለት ሰነድ ላይ ተለያይቶ ሲገኝ የሚመጣውን ጣጣ ጠበቃ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። የዚህ ቋንቋ ልጅ የሆነው ኤስ.ጂ.ኤም.ኤል. በ1986 ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆነ፤ በ1998 ኤክስ.ኤም.ኤል. ተከተለ፤ በ2005 ደግሞ በተለይ ለመመሪያ መጻሕፍት የሚስማማው፥ ዲታ የሚባለው ሥርዐት ጸደቀ። ይህም በመጀመሪያ በዚያው በአይ.ቢ.ኤም. የተሠራ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው «ዲ» የተፈጥሮ ተመራማሪውን ዳርዊንን የሚያስታውስ ነው፤ በሥርዐቱ ውስጥ አንዱ የጽሑፍ ዐይነት ከሌላው ጠባይ ስለሚወርስ። በእኛ ቋንቋ «ዲታ» ባለጸጋ ማለት መሆኑን ለፈረንጆቹ የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የአውሮፕላን ሰዎች ደግሞ የነገሩን ክብደት ቀደም ብለው ተረድተውታል። በ1956፥ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአሜሪካ የአየር መንገዶች ማኅበር የመመሪያ ምዕራፎች ቁጥር በሁሉም አውሮፕላን አንድ እንዲሆን የሚያደርግ ደንብ አወጣ። በዚህ አሠራር የማረፊያ እግር ምንጊዜም ምዕራፍ 32 ነው። ከዚህም በላይ በጥገናው መመሪያ ላይ እያንዳንዱ ሥራ ለየትኛው አውሮፕላን እንደሚያገለግል ይጻፍበታል፤ ከውጭ ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት አውሮፕላኖች በውስጣቸው የተለያየ ዕቃ ሊኖራቸው ይችላልና። በቦሌ የጥገና ሥፍራ የሚሠራ ቴክኒሺያን ዊንጩን ከማንሣቱ በፊት ይህን ማየት ግዴታው ነው። ለአውሮፕላን የሚደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ለውሃ ሞተር ይደረግ አልልም። ለመቂው ሽማግሌ ግን ያ ሞተር ከአውሮፕላን ያነሰ አልነበረም።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፤ ከፈረንጆቹ መጻሕፍት ያላገኘሁትን ትምህርት ያገኘሁት እዚህ ላይ ነውና። እንግሊዝኛ ጸሐፊ በዐረፍተ ነገሩ መካከል የዕቃውን ስም ቦታ ባዶ ትቶ፥ ኋላ የፈለገውን ስም ቢያስገባበት የቀረው ቃል ብዙ አይናወጥም። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ አደረግሁ። «ፓምፑን ያጥፉት» ባልሁበት ላይ ስሙን ብቻ ለውጬ ባወጣው «መኪናዋን ያጥፉት» የሚል ወጣ፤ «ያጥፏት» መባል ነበረበት። «ፊልትሮው ሲቆሽሽ ያጽዱት» ያልሁት፥ ፊልትሮው ሁለት በሆነበት ሞተር ላይ «ፊልትሮዎቹ ሲቆሽሽ ያጽዱት» ሆኖ ተገኘ። በአማርኛ ስሙ ሲለወጥ ግሡ ከነቅጥያው ይለወጣል። ኦሮምኛም እንዲሁ ግሡን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ፥ ጾታና ቁጥርም የሚለይ ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ባልደረባዬ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። ስለዚህ የደረስንበት ደንብ ይህ ነው፤ ምልክቱ በቃል ላይ ሳይሆን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ላይ ይደረግ። ሁለት ዐረፍተ ነገር መጻፍ ጥቂት ያደክማል፤ የተሰባበረ አማርኛ ለገበሬ ከመስጠት ግን ይሻላል።

ሌላው የአክብሮቱ ነገር ነው። ከዐሥራ ስድስቱ መጻሕፍት አንዳንዱ «ክፈት» ይላል፤ አንዳንዱ «ይክፈቱ» ይላል፤ የመካኒኩ ደግሞ «ይከፈታል» ይላል። እንዲህ ተለያይቶ እያለ አንድን ዐረፍተ ነገር በሁለት መጽሐፍ ውስጥ መጠቀም አይቻልም። «ክፈት» ብንል ሞተር የምታስነሣዋን ሴት እንተዋታለን፤ «ክፈቺ» ብንል ወንዱን። «ይክፈቱ» ግን ሁለቱንም ያከብራል፤ ስለዚህ በሁሉም መጽሐፍ እርሱን መረጥን። አንድ የሥራ ባልደረባችን «ለመካኒክ ይህ ሁሉ አክብሮት ምን ይሠራል?» ብሎ ተከራክሮ ነበር። እኔ አክብሮት ለመካኒክ የሚበዛበት አይመስለኝም። የዕቃዎቹም ስም እንዲሁ አንድ መሆን ነበረበት፤ በአንዱ መጽሐፍ «ፊልትሮ»፥ በሌላው «ማጣሪያ»፥ በሦስተኛው «ወንፊት» የተባለው ያው አንድ ዕቃ ነበር። ጋራዥ ውስጥ የሚጠራበትን «ፊልትሮ» የሚለውን ወሰድን።

የሕግ ተማሪዎች ከዚህ የሚመስል ነገር በራሳቸው ትምህርት ያውቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን መጀመሪያ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ የተረቀቀ ነው፤ ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ሁለቱ በማይስማሙበት ቦታ ጠበቆች ብዙ ተከራክረዋል። ቢሆንም የበላይ የሚሆነው አማርኛው መሆኑ ስለሚታወቅ ክርክሩ መጨረሻ አለው። የእኛ ዐሥራ ስድስት መጻሕፍት ግን የትኛው በየትኛው ላይ ዳኛ እንደሚሆን የወሰነ ሰው አልነበረም።

ለዘዴው ጥብቅና ስቆም ጉድለቱን መሸፈን አልፈልግም። እናት ጽሑፉ ከተሳሳተ ስሕተቱ ወደ ዐሥራ ስድስቱም ይገባል። ስለዚህ በእናት ጽሑፉ ላይ የሚነካ ሰው የታወቀ መሆን አለበት፤ ያረመውንም ሌላ ሰው ያየው ዘንድ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ወጥመድ ረቂቅ ስለ ሆነ እኔንም ይዞኝ ነበር። በአንድ ቦታ «ከላይ እንደ ተገለጸው» የሚል ጽፌ ነበር፤ ለገበሬው በወጣው መጽሐፍ ውስጥ ግን ከላይ የተገለጸው ነገር «ለመካኒክ» ተብሎ ተጥሎ ኖሯል። አንባቢው ወደ ላይ ቢመለስ ምንም አያገኝም። እናት ጽሑፉን አንብቦ «ደኅና ነው» ማለት አይበቃም፤ የሚወጣው እያንዳንዱ መጽሐፍ እንደ ራሱ መነበብ አለበት።

ሦስተኛው፥ ሁሉን ነገር በግድ አንድ የማድረግ ፍላጎት ነው። ቁጥሩና ማስጠንቀቂያው ለገበሬውም ለመካኒኩም አንድ ይሁን። አገላለጹ ግን አንድ ሊሆን አይችልም። መካኒኩ ስለ ቫልቩ ክፍተት ማወቅ ይፈልጋል፤ ገበሬው የሚፈልገው ሞተሩ ጥቁር ጭስ ሲያጨስ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። ለሁለቱም ተብሎ የተጻፈ አንድ አንቀጽ ለገበሬው የከበደ፥ ለመካኒኩ የቀለለ ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ባለው ቦታ ሁለት አንቀጽ መጻፍ ነው እንጂ ሌላ ብልኀት የለም።

«ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ሹም አይጠፋም። የእኔም አለቃ የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር። በዲታ የተጻፈውን ወደ መጽሐፍነት የሚለውጠው ዋናው ፕሮግራም ከኢንተርኔት በነጻ የሚገኝ ነው። የሚያስከፍለው የሠራተኛ ጊዜ ነው፤ እርሱም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ በትልቁ መጀመር አያስፈልግም። እኛ የጀመርነው በአንድ ሰንጠረዥ ነበር። የአራቱን ሞተሮች የዘይት ልክ፥ የነዳጅ ልክ፥ ዘይት የሚለወጥበትን ሰዓት በአንድ ገጽ ላይ አሰፈርን፤ ዋናው መካኒክ በእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ፈረመበት። ከዚያ በኋላ በየትኛውም መጽሐፍ ላይ ቁጥር በእጅ መጻፍ ክልክል ሆነ። ይህ ሥራ የወሰደው ሁለት ሳምንት ነው። የዐረፍተ ነገሩ ሥራ ግን ወራት ፈጅቷል፤ እኔ ያን ድርጅት ስለቅ ስምንቱ የአማርኛ መጻሕፍት ከአንድ ፋይል ይወጡ ነበር፤ የኦሮምኛው ገና እኩሌታ ላይ ነበር። እኩሌታ ላይ መቅረቱ ደስ አላለኝም፤ ስሕተቱ ተደብቆ የቆየው በማን መጽሐፍ ውስጥ እንደ ነበር ስለማውቅ።

በየመሥሪያ ቤቱ የምትሠሩ ወጣቶች ጓደኞቼ፥ ይህ የሞተር ሻጭ ነገር ብቻ አይምሰላችሁ። ባለጉዳይ ማሟላት የሚገባውን ማስረጃ የሚዘረዝር ወረቀት በዋናው መሥሪያ ቤት አንድ፥ በቅርንጫፉ ሌላ፥ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ አላያችሁም? አንዱ ሦስት ፎቶግራፍ ይላል፤ አንዱ ሁለት ይላል። ባለጉዳዩም ለጠፋው አንድ ፎቶግራፍ ወደ ከተማ ይመለሳል። አለቃችሁ ከእነዚህ አንዱን «ገልብጠህ አስተካክለው» ብሎ የሚሰጣችሁ ቀን ይመጣል። ያን ቀን ከመገልበጣችሁ በፊት እናቱ የት እንዳለች ጠይቁ። የለችም ካሏችሁ፥ ሁለት ሳምንት እንዲሰጧችሁ ለምኑ።

ሽማግሌው የተሠራውን ሞተር ሊወስዱ በመጡ ጊዜ በኦሮምኛ የታረመውን አዲሱን መጽሐፍ ሰጠኋቸው። አገላብጠው ካዩት በኋላ፥

«ይኸኛው ስንት ይላል?» አሉኝ።

«አንድ ሊትር ከመቶ ሚሊ ሊትር ይላል፥ አባባ።»

«የመካኒኩስ መጽሐፍ?»

«እርሱም ይህንኑ ይላል» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገር ግን በቃሌ አልረኩም። መጽሐፉን ይዘው ወደ ጋራዡ ገቡና፥ መካኒኩ የራሱን አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስኪያነብላቸው ድረስ ቆመው ጠበቁ።